ኦኤስፒኤፍን እና ቢጂፒን በአንድ ፈጣን ኔትወርክ ላይ አብሮ ማዋቀር

ኮማንድ ከመጻፍ በፊት ሥራ መከፋፈል ይቀድማል። ኦኤስፒኤፍ፣ ማለትም በአንድ ድርጅት ኔትወርክ ውስጥ መንገድ የሚመርጠው ፕሮቶኮል፣ ራውተሮቹን የሚያገናኙትን ሊንኮችና የሉፕባክ አድራሻዎችን (ከየትኛውም ሊንክ ጋር ያልተያያዙ የራውተሩ የራሱ አድራሻዎች) ብቻ ይያዝ። የተጠቃሚና የሰርቨር ፕሪፊክሶችን (የአድራሻ ክልሎችን) ቢጂፒ፣ ማለትም በተለይ በኔትወርኮች መካከል መንገድ የሚለዋወጠው ፕሮቶኮል፣ ይሸከም። ስታቲክ ሩት (በእጅ የተጻፈ መንገድ) አንድ መውጫ ብቻ ላለው ጫፍ ይበቃል።

አንድ ፕሪፊክስ ከሁለት ፕሮቶኮሎች ሲመጣ ራውተሩ የሚያየው አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስን፣ ማለትም የሩቱ ምንጭ ምን ያህል እንደሚታመን የሚያሳየውን ቁጥር፣ ነው፤ ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። በሲስኮ ስታቲክ 1፣ ውጫዊ ቢጂፒ (ከሌላ ኔትወርክ የመጣ) 20፣ ኦኤስፒኤፍ 110፣ ውስጣዊ ቢጂፒ (ከራሱ ኔትወርክ የመጣ) 200 ነው። በጁኒፐር ግን ውስጣዊ የኦኤስፒኤፍ ሩት 10 ሲሆን ቢጂፒ በሁለቱም መልኩ 170 ነው። ሁለቱ አምራቾች በተቀላቀሉበት ኔትወርክ ሁለት ጎረቤት ራውተሮች ለአንድ ፕሪፊክስ ተቃራኒ ምርጫ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ቁጥሮቹን በእጅ አስተካክሉ።

ቀጥሎ ኮስት፣ ማለትም ኦኤስፒኤፍ ለእያንዳንዱ ሊንክ የሚሰጠው ዋጋ፤ ትንሹ ይመረጣል። በብዙ ራውተሮች የኦኤስፒኤፍ መነሻ ባንድዊድዝ 100 ሜጋቢት ነው፤ ኮስቱ መነሻው ለሊንኩ ፍጥነት ተካፍሎ የሚገኝ ሲሆን ከ1 አያንስም፤ በዚህ ስሌት የ1፣ የ10 እና የ100 ጊጋቢት ሊንኮች ሁሉም ኮስታቸው 1 ይሆናል። ትራፊኩ በቀርፋፋው ሊንክ ቢሄድ አያስገርምም። መነሻውን 400000 ሜጋቢት አድርጉት፤ ያኔ 100 ጊጋቢት 4፣ 10 ጊጋቢት 40 ይሆናል። ለውጡ በሁሉም ራውተሮች ላይ መደረግ አለበት፣ አንዱ ከቀረ ስሌቱ ይዛባል።

ኤምቲዩ (ሊንኩ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን በባይት) በአንድ ጫፍ 9000፣ በሌላው 1500 ከሆነ የኦኤስፒኤፍ ጉርብትና ሳይጠናቀቅ ኤክስስታርት ወይም ኤክስቼንጅ በሚባለው ደረጃ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ኤምቲዩን ችላ የሚያስብለውን ኮማንድ አትጠቀሙ፤ ጉርብትናው ይነሳል እንጂ ትልልቅ ፓኬቶች መውደቃቸውን አያቆሙም። ከሊኑክስ ማሽን ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ ከልክላችሁ 8972 ባይት ፒንግ ላኩ፤ 28 ባይት ሄደር ሲጨመር ልክ 9000 ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሪዲስትሪቢዩሽን፣ ማለትም የአንዱን ፕሮቶኮል ሩቶች ወደ ሌላው ማስገባት፣ ነው። ሁለት የድንበር ራውተሮች፣ ሀ እና ለ፣ 10.20.0.0/16ን ከውጫዊ ቢጂፒ ተቀብለው ወደ ኦኤስፒኤፍ ያስገባሉ እንበል፤ የኦኤስፒኤፍ ሩቶችንም መልሰው ወደ ቢጂፒ ያወጣሉ። ሁሉም ሊንክ እስከሠራ ድረስ ምንም አይታይም፣ ምክንያቱም 20 ከ110 ያንሳል። የራውተር ለ ቢጂፒ ያን ፕሪፊክስ ሲያጣ ግን ራውተር ለ፣ ሀ ያስገባውን ከኦኤስፒኤፍ ይወስድና የራሱ አስመስሎ ወደ ውጭ ያውጃል። በዚህ መሃል ኤኤስ ፓዝ (ሩቱ ያለፈባቸው ኔትወርኮች ዝርዝር) ይጠፋል፤ ቢጂፒ ሉፕን (ዞሮ ተመላሽ መንገድን) የሚለየው ደግሞ በዚያ ነው። እውነተኛው ምንጭ ቢወድቅም የሌለው መንገድ እየተዟዟረ ይቆያል፣ ፓኬቶችም ቲቲኤላቸው (በየራውተሩ የሚቀንሰው የዕድሜ ቁጥራቸው) እስኪያልቅ ይሽከረከራሉ።

መፍትሔው ታግ፣ ማለትም በሩቱ ላይ የሚለጠፍ መለያ ቁጥር፣ ነው። በራውተር ሀም በራውተር ለም ላይ ከቢጂፒ ወደ ኦኤስፒኤፍ የሚገባውን ሁሉ በሩት ማፕ (ሩቶችን የሚፈቅድ፣ የሚከለክል ወይም የሚቀይር የደንብ ዝርዝር) ታግ 65 ስጡት። ከኦኤስፒኤፍ ወደ ቢጂፒ በሚወጣው ሩት ማፕ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው መስመር ታግ 65ን ይከልክል፤ ከሥሩ የሚወጡትን ፕሪፊክሶች በስም የሚፈቅድ መስመር ይከተል። ሁሉን የሚፈቅድ ባዶ መስመር አታስገቡ።

ሥራው ተፈተነ የሚባለው የራውተር ለን ውጫዊ ቢጂፒ ሆን ብላችሁ ስትዘጉ ነው። በራውተር ለ ላይ ሩቱ ከኦኤስፒኤፍ በታግ 65 መታየት አለበት፤ በራውተር ለ የቢጂፒ ቴብል ውስጥ ግን በራሱ እንደተፈጠረ ሆኖ ከተገኘ ታጉ ወይም ክልከላው አልሠራም።