ሁለቱ መስመሮች እኩል ካልሆኑ፦ በዲፈረንሻል አምፕሊፋየር ሥራ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ደረት ላይ በተለጠፉ ኤሌክትሮዶች የሚለካው የልብ ሲግናል ከፍታው 1 ሚሊቮልት ገደማ ነው። በዚያው ክፍል ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው የ220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የመብራት መስመር ግን በመካከል ባለው ጥቃቅን ካፓሲታንስ አማካይነት በታካሚው ሰውነት ላይ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቮልቴጅ ሊያሳድር ይችላል። ያም ሆኖ ኢ.ሲ.ጂ. (የልብ ሲግናል ምዝገባ) ማንበብ የሚቻለው፣ የመብራቱ ቮልቴጅ በሁለቱም ኤሌክትሮዶች ላይ በአንድ ጊዜና ከሞላ ጎደል በእኩል መጠን ስለሚታይ፣ የልብ ሲግናል ግን በሁለቱ መካከል ያለ ልዩነት ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ኮመን ሞድ ወይም የጋራ ቮልቴጅ ይባላል። ዲፈረንሻል አምፕሊፋየር ልዩነቱን አጉልቶ የጋራውን እንዲጥል የተሠራ ሲሆን፣ ልዩነቱን የሚያጎላበት መጠን የጋራውን ለሚያሳልፍበት መጠን ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሲኤምአርአር ነው። በዲሲቤል ሲጻፍ 60 ማለት 1,000 እጥፍ፣ 100 ማለት ደግሞ 100,000 እጥፍ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ቁጥር የአምፕሊፋየሩ ብቻ ንብረት አድርጎ ከማየት ነው።

የመጀመሪያውና በብዛት የማየው ስህተት ዳታሺት (አምራቹ የሚያወጣው የመግለጫ ሰነድ) ላይ የተጻፈውን ሲኤምአርአር የጠቅላላው ሥርዓት አድርጎ መውሰድ ነው። ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚለካው ሁለቱ መግቢያዎች ያለ አንዳች ልዩነት ከአንድ ነጥብ ሲነዱ ነው። በተግባር ግን እያንዳንዱ መስመር ከላኪው በኩል የራሱ ሬዚስታንስ፣ ከተቀባዩ በኩል ደግሞ ወደ ግራውንድ የሚወስድ የራሱ ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ) አለው፤ አራቱ አንድ ላይ ሲታዩ በትምህርት ቤት የምናውቀው የዊትስቶን ድልድይ ናቸው። ድልድዩ ሚዛኑን ካጣ የጋራው ቮልቴጅ ከፊሉ ወደ ልዩነት ይለወጣል፤ አንዴ ልዩነት ከሆነ በኋላ ደግሞ ምንም ዓይነት አምፕሊፋየር ከእውነተኛው ሲግናል ሊለየው አይችልም። ስሌቱም ቀላል ነው። እያንዳንዱ መግቢያ ለጋራ ቮልቴጅ 10 ኪሎ ኦም ቢያሳይና በላኪው በኩል የ10 ኦም ልዩነት ቢኖር፣ የሚቀረው ሲኤምአርአር 1,000 እጥፍ ማለትም 60 ዲሲቤል ነው። መግቢያው 10 ሜጋ ኦም ቢሆን ግን ያው 10 ኦም የሚያወርደው እስከ 120 ዲሲቤል ብቻ ነው። ጥሩ የድምፅ ትራንስፎርመር በዚህ ረገድ የሚመሰገነውም በጋራ ቮልቴጅ ፊት እጅግ ከፍተኛ ኢምፒዳንስ ስለሚያሳይ ነው፤ በሁለቱ ጥቅልሎች መካከል ያለው ካፓሲታንስ 50 ፒኮፋራድ ቢሆን በ50 ኸርዝ ከ60 ሜጋ ኦም በላይ ይሆናል።

አንድ ጊዜ የገጠመኝን ላንሣ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከሚክሰሩ እስከ ፓወር አምፕሊፋየሩ 40 ሜትር ኬብል ተዘርግቶ ነበር፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ከተለያየ ሶኬት ኃይል ስለሚያገኙ በግራውንዶቻቸው መካከል ግማሽ ቮልት ያህል ልዩነት ነበር። ስፒከሮቹ ያለማቋረጥ ያጉረመርሙ ነበር፤ አምፕሊፋየሩ አንዴ ተቀይሮ የመጣው አዲሱም ያንኑ ድምፅ ያሰማ ነበር። ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ነቅዬ እያንዳንዱን ሽቦ በመልቲሜትር ስለካ አንደኛው 2 ኦም፣ ሌላኛው 45 ኦም አሳየኝ። መሰኪያውን ስፈታው ብየዳው ደብዝዞ፣ ከሽቦው ክሮች አብዛኞቹ ተበጥሰው ጥቂቶቹ ብቻ ነክተው ቆመዋል። የመግቢያው ኢምፒዳንስ በየመስመሩ 20 ኪሎ ኦም ስለነበር የ43 ኦም ልዩነት ሲኤምአርአሩን ወደ 53 ዲሲቤል ያወርደዋል፤ ስለዚህ ከግማሹ ቮልት 1 ሚሊቮልት ያህሉ ሲግናል መስሎ ይገባና አምፕሊፋየሩ 30 እጥፍ ያጎላዋል። ሲግናሉ ራሱ ሳይቋረጥ ያልፍ ስለነበር ኬብሉን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ብየዳው ሲታደስ ጉርምርምታው ጠፋ።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው ሁለተኛው ስህተት ባላንስድ መስመር ማለት ሁለቱ ሽቦዎች እኩልና ተቃራኒ ሲግናል የሚሸከሙበት ነው ብሎ ማመን ነው። መስመሩን ባላንስድ የሚያደርገው ሁለቱም ሽቦዎች ወደ ግራውንድ ያላቸው ኢምፒዳንስ እኩል መሆኑ ነው። አንደኛው ሽቦ ሙሉውን ሲግናል ይዞ ሌላኛው ምንም ሳይዝ፣ እኩል ዋጋ ባለው ሬዚስተር ብቻ ከግራውንድ ጋር ቢገናኝ እንኳ የጋራ ቮልቴጅ የማጣራት ብቃቱ አይቀንስም። የሲግናሉ መመጣጠን የሚጠቅመው ለሌላ ጉዳይ፣ በተለይም ሲግናሉ ሳይዛባ ሊደርስበት ለሚችለው ከፍታና ወደ ጎረቤት ኬብል የሚሾልከውን ለመቀነስ ነው። ይህን ያልተረዱ ንድፍ አውጪዎች አራት ሬዚስተር ባለው ተራ ዲፈረንስ አምፕሊፋየር ላይ ከባድ ጥፋት ይፈጽማሉ። አራቱም ሬዚስተሮች 10 ኪሎ ኦም ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ መግቢያ ሌላው ግራውንድ ሆኖ ለብቻው ቢለካ አንዱ 10፣ ሌላው 20 ኪሎ ኦም ያሳያል። ይህን አይተው «አልተመጣጠነም» በማለት የአንዱን ወገን ሬዚስተሮች ይቀይራሉ። ሁለቱ መግቢያዎች በአንድ የጋራ ቮልቴጅ ሲነዱ ግን ሁለቱም 20 ኪሎ ኦም ናቸው፤ «ማስተካከያው» ያፈረሰው የነበረውን ሚዛን ነው።

ሦስተኛው የሬዚስተር ጥራት ጉዳይ ነው። በአራት ሬዚስተሮች በሚሠራ፣ ጌይኑ (የሚያጎላበት መጠን) 1 በሆነ ሰርኪዩት ውስጥ የ1 በመቶ ሬዚስተሮች ቢገቡ፣ ስህተቶቻቸው በመጥፎ አቅጣጫ ከተደራረቡ ሲኤምአርአር 34 ዲሲቤል ብቻ ይሆናል። 1 ቮልት የጋራ 50 ኸርዝ ቢገባ 20 ሚሊቮልት ይወጣል ማለት ነው። ኦፕ-አምፑ (በሰርኪዩቱ መሐል ያለው የአምፕሊፋየር ቺፕ) 100 ዲሲቤል ያለው ይሁን 120፣ ለውጥ የለውም። በ0.1 በመቶ ሬዚስተሮች 54፣ በ0.01 በመቶ ደግሞ 74 ዲሲቤል ይደረሳል። ወሳኙ የእያንዳንዱ ሬዚስተር ዋጋ ሳይሆን የሁለቱ ጥንዶች ምጥጥን እኩል መሆኑ ስለሆነ፣ በመልቲሜትር እየለኩ ማጣመር ይረዳል፤ ነገር ግን ሙቀት ሲለዋወጥ ሁሉም እኩል ካልተንቀሳቀሱ የተገኘው ሚዛን አይዘልቅም። በእኔ እምነት ከ60 ዲሲቤል በላይ የሚፈልግ ሰው ሬዚስተር ሲያጣምር ጊዜውን ከሚያባክን፣ እንደ አይኤንኤ105 ያለ ሬዚስተሮቹ በአንድ ቺፕ ላይ በሌዘር የተስተካከሉለትን ቢገዛ ይሻለዋል።

ገንዘብ አውጥተው ኢንስትሩመንቴሽን አምፕሊፋየር (ለመለኪያ ሥራ የተዘጋጀ ዲፈረንሻል አምፕሊፋየር) ከገዙ በኋላ መልሰው የሚያበላሹትም አሉ። እንደ ኤዲ620 ያሉት ቺፖች ሪፈረንስ የሚባል እግር አላቸው፤ በአንድ ባትሪ የሚሠራ ሰርኪዩት የውጤቱን መነሻ መሐል ላይ ለማድረግ ይህን እግር በሁለት ሬዚስተሮች በተከፈለ ቮልቴጅ መንዳት የተለመደ ነው። ያ እግር ግን በውስጥ ካለው 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ የተያያዘ ነው። ሁለት የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ተጨማሪ 5 ኪሎ ኦም ሆነው ስለሚታዩ፣ ጌይኑ 1 ሲሆን ሲኤምአርአር ወደ 14 ዲሲቤል ይወርዳል። 10 ኦም ብቻ እንኳ 66 ዲሲቤል ላይ ያስቆመዋል። መፍትሔው በመካከል አንድ ኦፕ-አምፕ ባፈር (ቮልቴጁን ሳይቀይር በጣም ትንሽ ሬዚስታንስ የሚያቀርብ) ማስገባት ነው፤ ዋጋውም ከጉዳቱ ጋር አይወዳደርም።

መግቢያ ላይ የሚፈጸሙ አራት ስህተቶችን በአጭሩ ልጥቀስ። ከግራውንድ ጋር ያልተገናኘ ምንጭ፣ ለምሳሌ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ)፣ በቀጥታ ሲያያዝ የአምፕሊፋየሩ ባያስ ከረንት (መግቢያው ለሥራው የሚፈልገው ጥቂት ከረንት) መመለሻ ስለማያገኝ መግቢያው ቀስ በቀስ ተንሳፍፎ ከክልሉ ይወጣል፤ ወደ ግራውንድ የሚሄድ ከፍተኛ ሬዚስተር ያስፈልጋል። የጋራው ቮልቴጅ ከተፈቀደው ክልል ካለፈ አምፕሊፋየሩ ጭራሹኑ አያጣራም፤ በሦስት ኦፕ-አምፕ በሚሠራው ዓይነት ደግሞ የውስጠኛው ደረጃ የጋራውን ቮልቴጅ ከጎላው ሲግናል ጋር ደምሮ ስለሚሸከም፣ ውጤቱ ጤነኛ መስሎ ሳለ ውስጡ የቮልቴጅ ጣሪያው ላይ ሊደርስ ይችላል። የሬዲዮ ሞገድን ለመከላከል ከየመግቢያው ወደ ግራውንድ የሚገቡ ካፓሲተሮች እኩል ካልሆኑ ድልድዩን ያናጋሉ፤ ስለዚህ በሁለቱ መግቢያዎች መካከል ቢያንስ 10 እጥፍ የሚበልጥ ካፓሲተር ይጨመራል። ከዚህም ሌላ ዳታሺቱ ፊት ለፊት የሚያሳየው ቁጥር ለዲሲ ወይም ለ60 ኸርዝ ሲሆን፣ ከተወሰነ ፍሪኩዌንሲ በኋላ በየ10 እጥፉ 20 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል።

የኬብሉን ሺልድ (ሽቦዎቹን የሚከብበውን የብረት ሽፋን) በተመለከተ፣ የድምፅ ኢንጂነሩ ኒል መንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 «የፒን 1 ችግር» (ፒን 1 ሺልዱ የሚገናኝበት የመሰኪያ እግር ነው) ብሎ የገለጸው ስህተት ዛሬም በርካሽ መሣሪያዎች ውስጥ አለ። ሺልዱ ከመሣሪያው ብረት ሳጥን ጋር እንደመገናኘት በሰርኪዩት ቦርዱ የሲግናል ግራውንድ ላይ ይበየዳል፤ ሺልዱ የሰበሰበው ከረንትም በዚያው መንገድ እያለፈ ከዲፈረንሻል መግቢያው በኋላ ይገባል። የመግቢያው ሲኤምአርአር የቱንም ያህል ቢሆን በሌላ በር የገባውን ሊያስወጣ አይችልም።

የመጨረሻው ስህተት የአለካክ ነው። ሁለቱን መግቢያዎች አገናኝቶ 1 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ሰጥቶ ውጤቱን ማንበብ ትክክለኛ ጅማሬ ነው፤ እዚያ ማቆም ግን መሣሪያው በእውነተኛ ኬብል ላይ የሚያሳየውን አይናገርም። የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የድምፅ አምፕሊፋየሮች ደረጃ አይኢሲ 60268-3 እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሻሻል፣ በድምፅ ኢንጂነሩ ቢል ዊትሎክ ሐሳብ መነሻነት በመጀመሪያ በአንደኛው፣ ቀጥሎ በሌላኛው መስመር 10 ኦም እየተጨመረ እንዲለካ የተደረገው ለዚህ ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ የ10 ኦም ሬዚስተር ነው፤ በሁለቱ አቀማመጦች ከሚገኙት ንባቦች መመዝገብ ያለበትም የባሰው ነው።