በወሲብ የተበዘበዘ ልጅ ለሕክምና ሲመጣ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«መጀመሪያ ክሱ» ማለት። ክስ ነገም ይመሠረታል፤ መድኃኒቱ ግን አይጠብቅም። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከጥቃቱ በኋላ ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከዚያም 28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል፤ በዘገየ ቁጥር ግን ኃይሉ ይቀንሳል። ከምርመራ በፊት ገላ አለመታጠብ፣ ልብስም አለማጠብ ለማስረጃ ይጠቅማል። ታጥበው ከሆነም፣ ቀናት ካለፉም ይምጡ፤ የአባላዘር በሽታና የእርግዝና ምርመራው፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱ አሁንም አለ።

«ድንግልናዋን እዩልኝ» ማለት። ይህ ጥያቄ ልጅቷን ሁለተኛ ጊዜ ያቆስላታል፤ መልስም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ እንዲቀር የጠየቁት ሳይንሳዊ መሠረት ስለሌለው ነው። ጥቃት የደረሰባቸው አብዛኞቹ ልጆች ሲመረመሩ የጉዳት ምልክት አይታይባቸውም። ስለዚህ «ምልክት አልተገኘም» የሚል ወረቀት «ምንም አልደረሰባትም» ተብሎ አይነበብ።

በግድ መመርመር። በገዛ ገላው ላይ እንዳያዝዝ የተደረገ ልጅ ነው ፊታችን ያለው። ምን ልናደርግ እንደሆነ አስቀድመን እንንገረው፣ አብሮት የሚገባውን ሰው ይምረጥ፣ «ይብቃኝ» ሲል እናቁም። ታሪኩንም ካርድ ክፍል፣ ነርስ፣ ሐኪም፣ ፖሊስ እየተቀባበሉ አያስደግሙት።

ልጁ በዳዩን ሲከላከል «ፈልጎ ነው» ብሎ መፍረድ። ይህ ከሁሉም የሚከፋኝ ስህተት ነው። በዝባዡ ስልክ የገዛለት፣ ያበላው፣ «እወድሃለሁ» ያለው ብቸኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ልጁ ራሱን እንደ ተጎጂ ላያይ ይችላል፤ ይሰወራል፣ ቀጠሮ ያጎድላል፣ ወደዚያው ሰው ይመለሳል። በልጅ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። በመጣ ጊዜ ሁሉ ያለ ወቀሳ እንቀበለው።

ወንዶች ልጆችን መርሳት። እነሱም ይበዘበዛሉ፤ ካልተጠየቁ ግን ብዙዎቹ አይናገሩም።

«ትረሳዋለች» ብሎ የአእምሮ ሕክምናውን መተው፣ ወይም በማስታገሻ ክኒን መሸፈን። ቅዠት፣ አልጋ ላይ መሽናት፣ ራስን መቁረጥ፣ ከትምህርት መራቅ ችላ አይባሉም። የተሻለ ማስረጃ ያለው፣ በጉዳቱ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ነው፤ ለወራት ይቀጥላል፣ በዳይ ያልሆነ አሳዳጊም ይሳተፍበታል። ራስን ስለ ማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ እንዲያውም የመናገሪያ በር ይከፍታል።

ምስሉ ኢንተርኔት ላይ የወጣበት ልጅ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ያየው ይመስለዋል። ለእሱ «ሕክምናህ አልቋል» ተብሎ መዝገቡ አይዘጋ፤ ምስሉ እንደገና ብቅ ባለ ቀን ለማን እንደሚደውል አስቀድሞ ይወቅ።