ለረጅም ዘመን የቆመን የጦር ጂፕ ዳግም ማስነሳትና መንከባከብ

አሮጌ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ማደስን በትርፍ ጊዜው ሊጀምር ለሚያስብ ሰው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጂፕ የሚያህል አስተማሪ የለም። ዊሊስና ፎርድ የተባሉት የአሜሪካ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ድረስ በጋራ ከ600 ሺህ በላይ ስለሠሩት መለዋወጫው እስከ ዛሬ ይመረታል፤ አብዛኛው ክፍሉም በተራ የእጅ መሣሪያ ይፈታል፣ ይገጠማል። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህንኑ ጂፕ መሠረት ያደረገ ነው፤ ብዙው ነገር ግን ለሌሎች የዘመኑ ወታደራዊ መኪኖችም ያገለግላል።

የመጀመሪያው ሥራ መፍታት ሳይሆን መመልከት ነው። በዊሊሱ ሻንሲ (መኪናው በሙሉ የሚያርፍበት የብረት መሠረት) ከፊት ያለው አግዳሚ ብረት ድቡልቡል ቱቦ ሲሆን የፎርዱ ግን እንደተደፋ ገንዳ ጎድጓዳ ነው፤ በብዙ የፎርድ ብሎኖች ራስ ላይ ደግሞ «ኤፍ» የተባለችው የላቲን ፊደል ተቀርጻለች። የሁለቱ ፋብሪካዎች ዕቃ በአንድ መኪና ላይ ተደባልቆ ቢገኝ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ የሠራዊቱ የጥገና ክፍሎች ብዙ ጂፖችን ከተለያየ መኪና ባወጡት ዕቃ ስለገጣጠሙ ቅይጡ ራሱ የመኪናው ታሪክ ነው። ቀለምንም በችኮላ አይፋቁ። በኮፈኑ ጎን ላይ ያለውን በውኃ በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ ንብርብሩን ቢገልጡ፣ ሥር የተቀበረው የመጀመሪያው የምዝገባ ቁጥር ብቅ ሊል ይችላል። በአሸዋ ርጭት ከተጠረገ ግን ያ ማስረጃ ለዘለዓለም ይጠፋል፤ እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ጥፋት ይህ ነው።

ለጤና የሚያሰጉ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ደረቁን መፋቅ አደገኛ ነው። የድሮ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ የተባለ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን ስላለበት ብናኙን በአየር ግፊት መንፋት ፈጽሞ አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። በዘመኑ በጨለማ እንዲታዩ በተቀቡ አንዳንድ መለኪያዎች ላይ ደግሞ ራዲየም የተባለ ጎጂ ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለ፤ ብርሃኑ ቢጠፋም ራዲየሙ በ1,600 ዓመት ገደማ ገና በግማሽ የሚቀንስ ነውና መስታወቱን መክፈት ወይም ቀለሙን መፋቅ አይገባም።

ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.2 ሊትር፣ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ለዓመታት ከቆመ ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ሊሆን ስለሚችል በሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ ማስነሻው) ለማስነሳት መሞከር ትልቅ ስሕተት ነው። ካንዴላዎቹን ፈትተው በየቀዳዳው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ያፍስሱ፤ ለጥቂት ቀናት ይተዉት፤ ከዚያም ከፊት በሚገባው የእጅ ማስነሻ ብረት ወዲያና ወዲህ በቀስታ ይሞክሩ። እምቢ ካለ ዘይት ጨምሮ መጠበቅ እንጂ ጉልበት መጨመር አይረዳም። የዚህ ሞተር ቫልቮች የሚገኙት በቴስታታው (በሞተሩ የላይ ክዳን) ውስጥ ሳይሆን በብሎኩ ጎን ነው፤ ሲቆሙ ክፍት እንደሆኑ ይጣበቃሉ፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲዞር የጎን ሽፋኑን ከፍቶ ሁሉም ወርደው መግጠማቸውን ማየት ይገባል። ከመነሳቱ በፊት አሮጌው ዘይት ይውጣ፣ የዘይት ኮፓውም ወርዶ በሥሩ የረጋው ዝቃጭ ይጠረግ፤ ዝቃጩን ሳያወጡ አጣቢ ኬሚካል ያለው ዘመናዊ ዘይት መሙላት ቆሻሻውን አላቅቆ ወደ ቀጭን መተላለፊያዎች ይልከዋል። የካንዴላዎቹ የእሳት ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው።

የነዳጅ ማጠራቀሚያው ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ስለሚገኝ ዝገቱንና ሽታውን ችላ ማለት አይቻልም። ባዶ መስሎ ቢታይም ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳልና ብየዳ በገዛ እጅ የሚሞከር ነገር አይደለም። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የድሮውን ጎማ ስለሚበላ የነዳጅ ቱቦዎቹና በነዳጅ ፖምፓው ውስጥ ያለው ስስ የጎማ ሽፋን (ዲያፍራም) ይህን በሚቋቋም አዲስ ጎማ መለወጥ አለባቸው።

ፍሬኑ አንድ መስመር ብቻ ያለው ነው፤ ከአራቱ እግሮች በአንዱ የሚያፈስ ቱቦ ካለ የሁሉም ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ የቀድሞውን ቱቦና ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ) በማዳን አይቆጥቡ፤ በመኪናው ላይ ኦሪጅናልነት ለደኅንነት ቦታውን መልቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። የሲሊኮን ፍሬን ዘይት እርጥበት ስለማይስብ ብዙ ለሚቆም መኪና ይመቻል፤ ከተለመደው ጋር ግን ስለማይዋሐድ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ጸድቶ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ከተለወጡ በኋላ ብቻ ይሞላል።

ጎማ ሲፈታ ሁለት ነገር ይታወስ። በግራ በኩል ያሉት የእግር ዳዶዎች ጥርሳቸው ግራ ዞር ነው፣ ማለትም ከተለመደው በተቃራኒ ይፈታሉ፤ ይህን ያላወቀ ሰው የሚፈታ መስሎት እያጠበቀ ብሎኑን ይቆርጣል። ሁለተኛው ሕይወት የሚጠይቅ ነው፦ የጦር ሜዳው ቸርኬ በብሎን ከተያያዙ ሁለት ግማሾች የተሠራ ስለሆነ በካላማዳሪያው (በውስጠኛው ጎማ) ውስጥ አየር እያለ እነዚያን ብሎኖች ማላላት ቸርኬውን እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል። መጀመሪያ በአየር መግቢያው ውስጥ ያለው ትንሽ ቫልቭ ወጥቶ አየሩ በሙሉ ይልቀቅ።

ኤሌክትሪኩ 6 ቮልት ነው። ለአንድ ዓይነት ኃይል ከ12 ቮልት ይልቅ እጥፍ ከረንት ስለሚያልፍ ወፍራም ገመድና ንጹሕ ማያያዣ ይፈልጋል፤ ሞተሪኖ ደክሟል ተብሎ ከሚጣለው አብዛኛው ጥፋቱ የቀጠነ ገመድ ወይም ዝገት ያዘለ ከሻንሲ ጋር የሚገናኝ ቦታ ነው።

በካምቢዮው ውስጥ የነሐስ ክፍሎች ስላሉ ነሐስን የማይጎዳ የጊር ዘይት ይምረጡ። የፊት እግሮችን ማርሽ በደረቅ አስፋልት ላይ አያስገቡ፤ በፊትና በኋላው መካከል ዲፈረንሻል (እግሮቹ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ማርሽ) ስለሌለ በመዞሪያ ላይ የኃይል ማስተላለፊያው መስመር ይጠማዘዛል፣ ጎማም ይበላል። ባሌስትራውንና የመሪውን መገጣጠሚያ ሁሉ በየጊዜው በግራሶ ይሙሉ። መኪናው ሲቆም ደግሞ ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ውኃ በዘይቱና በጭስ ማውጫው ውስጥ ስለሚያስቀር ከማስነሳቱ አለማስነሳቱ ይሻላል፤ በወር አንድ ጊዜ አውጥተው እስኪሞቅ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱት።