እርከኑ ለምን ፈረሰ? ዘሩስ ለምን አልተስፋፋም? ለሰሜን ሸዋ ደጋ አሳታፊ ኤክስቴንሽን ችግርና መፍትሄ

በባሶና ወራና፣ በጣርማበር፣ በአንኮበርና በመንዝ ደጋዎች የሚያጋጥሙት የተፋሰስ ሥራ ብልሽቶች በመሬቱ ላይ ይታዩ እንጂ፣ የአብዛኞቹ መነሻ ቅየሳ ሳይጀመር መደረግ ሲገባው የቀረው ምክክር ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኛውና የቀበሌው ተፋሰስ ኮሚቴ ምልክቱን ከመጠገናቸው በፊት መንስኤውን ሊለዩ ይገባል።

ምልክት፦ በጥርና በየካቲት በዘመቻ የተሠራው እርከን በሐምሌ ፈርሶ ይገኛል

በመጀመሪያ የፈረሰውን ቦታ ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ጫፉ ላይ የማረሻ ፈለግ ካለና ድንጋዩ ተለቅሞ ማሳው ዳር ከተከመረ ያፈረሰው ባለማሳው ነው፤ ክፍተቱ ወደ ታች እየጠበበ የተቦረቦረና ከሥሩ ደለል የተነጠፈ ከሆነ ግን ያፈረሰው ውሃ ነው። ሁለቱም በሪፖርት ላይ «የጥገና ጉድለት» ተብለው ሲጻፉ መፍትሄውም ይደባለቃል።

ባለማሳው የሚያፈርሰው ያለ ምክንያት አይደለም። እርከኖቹ ከመቀራረባቸው የተነሳ በሬ ጠምዶ መዞር ያስቸግራል፤ በድንጋዩ መካከል አይጥ ይራባል፤ ከጠባብ ማሳ ላይ የተወሰደው ቦታም ምንም አያበቅልም። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ከተሠሩት እርከኖች ብዙዎቹ በ1983 ዓ.ም. ለውጥ ወቅት በአርሶ አደሩ እጅ መፍረሳቸው ሲታሰብ፣ ጉዳዩን በግንዛቤ እጥረት ብቻ ማመካኘት አያስኬድም። መፍትሄው ቅየሳውን ከባለማሳው ጋር ማካሄድ ነው፤ እሱ በሬው የሚዞርበትን ቦታ በችካል ያመልክት፣ ባለሙያውም የርቀቱን ስሌት ያስረዳው። ለምሳሌ 15 በመቶ ተዳፋት ባለው ማሳ ላይ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1.5 ሜትር ቢሆን ርቀታቸው 10 ሜትር ገደማ ይሆናል። «ይስፋልኝ» ካለ በመጠኑ ማስፋት ይቻላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ እርከን ላይ የሚያርፈው ጎርፍ ስለሚጨምር ከፍ ብሎ መሠራት እንዳለበት፣ ትርፉ ጉልበትም ከእሱ እንደሚጠበቅ አብሮ ሊነገረው ይገባል።

ያፈረሰው ውሃ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ስህተቱ ለደረቅ አካባቢ የሚስማማውን ደልዳላ እርከን ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ላይ መሥራት ነው። በሰሜን ሸዋ እንደሚገኘው እንደ አንዲት ጥድ ባለ እርጥብ ደጋ እርከኑ እስከ 1 በመቶ ዘንበል ብሎ ትርፉን ውሃ ወደ ማፋሰሻ ማውጣት ይኖርበታል፤ ማፋሰሻውም ቀድሞ ተሠርቶ ሣር የያዘ ካልሆነ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። ከባዱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ማፋሰሻ የብዙ ሰው ድንበር ያቋርጣል፣ አርሶ አደሩ በየማሳው የሚያወጣው ፈሰስም ጎርፉን ታች ላለው ጎረቤት ይሰጣል። የአንድ ለአምስት አደረጃጀት በቤት የተጎራበቱትን ያሰባስባል እንጂ አንድ ጎርፍ የሚያገናኛቸውን አያሰባስብም። ለዚህ ሥራ ቡድኑ የዚያን ተዳፋት ባለይዞታዎች ከላይኛው ማሳ እስከ ታችኛው ይዞ እንደገና ሊዋቀር ይገባል፤ ስምምነቱም በአካባቢው ሽማግሌዎች ፊት ቢደረግ ቢሮ ከሚቀመጥ ቃለ ጉባኤ ይልቅ ይጸናል።

ምልክት፦ እርከኑ ላይ ለመኖ የተተከለው ትሪ ሉሰርን የተባለ ዛፍና ፋላሪስ ሣር አይጸድቅም

ችግኙ ቢጫ ሆኖ ከደረቀ ሥሩን ነቅሎ ማየት ነው፤ ትሪ ሉሰርን ቅዝቃዜን ቢችልም ውሃ የሚተኛበትን ቦታ አይወድም። ተግጦ ከሆነ ግን አዝመራ እንደተሰበሰበ የሚለቀቀው የበግ መንጋ በልቶታል። ልቅ ግጦሽን በአንድ ቀን ስብሰባ ከልክሎ የሚሳካለት የለም፤ ምክንያቱም በግ ለመንዝ ሰው የክፉ ቀን መድን ነው። በመጀመሪያ በጓሮ መኖ ማብቀል፣ ቀጥሎ ፈቃደኛ የሆኑ ኩታ ገጠም ማሳዎችን ብቻ መዝጋት፣ የቅጣቱን መጠን ደግሞ ራሱ የአካባቢው ዕድር እንዲወስን መተው ይሻላል።

ምልክት፦ የተሻሻለው የገብስ ዘር ከሞዴል አርሶ አደሩ ማሳ አይወጣም

ዘሩ የተመዘነው በኩንታል ብቻ ስለሆነ ነው። የደጋው ቤተሰብ ገለባው ለከብት መሆኑን፣ ከውርጭ በፊት መድረሱን፣ ለበልግ መስማማቱን፣ ቆሎው፣ በሶውና ጠላው እንዴት እንደሆነ ይመረምራል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዝርያዎችን ከአካባቢው ዘር ጎን፣ በእኩል ማዳበሪያ፣ በደሃውም ማሳ ላይ ጭምር መዝራት፤ ከዚያም ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ አንድ ጊዜ እሸት ሲይዝ፣ አንድ ጊዜ ከአውድማ በኋላ ደረጃ እንዲያወጡለት ማድረግ ያስፈልጋል። የሁለቱ ምርጫ ሲለያይ የሴቶቹን ምክንያት በጥሞና መስማት ይበጃል፤ ቆሎውን የሚቆሉትም ጠላውን የሚጠምቁትም እነርሱ ናቸው።

ምልክት፦ በስብሰባ ሁሉም «እሺ» ይላል፣ ሥራው ላይ ግን ሰው አይገኝም

ኮታው ከወረዳ ተወስኖ ከመጣ ስብሰባው ማስታወቂያ እንጂ ምክክር አይደለም፤ አርሶ አደሩም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ምክክሩን እርሻ በማይታረስበት የበዓል ቀን፣ ተዳፋቱን አብሮ በእግር በመውረድ ማድረግ፤ የተፋሰሱንም ካርታ በድንጋይና በአመድ መሬት ላይ እነርሱው እንዲሥሉ መተው ያስፈልጋል። ኮታውን ማስቀረት ባይቻል እንኳ አቆጣጠሩን መለወጥ ይቻላል፤ በየካቲት የተሠራውን ኪሎ ሜትር ብቻ ከመመዝገብ ይልቅ፣ ኮሚቴው ከባለማሳዎቹ ጋር ሆኖ በመስከረም ሳይፈርስ የተገኘውን ይለካና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ለወረዳው ይላክ።