ዲኤስኤል በአሮጌ ቤት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በቆየ ቤት የዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ የሚመጣ) ኢንተርኔት አልሠራ ሲል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞደሙን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ የሚገኘው ለድምፅ ብቻ ታስቦ በየግድግዳው በተዘረጋው የስልክ ሽቦ ላይ ነው። የሰው ድምፅ በስልክ መስመር የሚተላለፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ባለው ጠባብ ክልል ስለሆነ፣ የዛገ መጋጠሚያ እምብዛም አያግደውም። የተለመደው የዲኤስኤል ዓይነት ኤዲኤስኤል ግን ከ25 ኪሎኸርዝ ገደማ ተነሥቶ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ፣ ፈጣኑ ዓይነት ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ደግሞ እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ ስለሚዘልቅ፣ ለንግግር የማይታማ መስመር ለኢንተርኔት ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ «ስልኩ ይሠራል» ማለት መስመሩ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ምልክት፦ የዲኤስኤል መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ረግቶ አይበራም።

ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት ሞደሙን ይዘው መስመሩ ከውጭ ወደ ቤት ወደሚገባበት ሳጥን ይሂዱ። ወደ ክፍሎቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች በሙሉ አላቅቀው ሞደሙን በአጭር ገመድ በቀጥታ ያገናኙና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። በመስመሩ ላይ በተለምዶ 48 ቮልት ያህል ስላለና ስልክ ሲጠራ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ስለሚጨምር ባዶ ሽቦ በእጅ መንካት አይገባም። መብራቱ እዚያም ካልረጋ ጥገናው የአገልግሎት ሰጪው ስለሆነ ግድግዳ መቆፈር ትርፉ ድካም ነው። ከረጋ ግን ችግሩ ከሳጥኑ ወዲህ፣ በቤቱ ሽቦ ላይ ነው።

በአሮጌ ቤቶች መስመሩ በየክፍሉ እየተቀጠለ ስለሚሄድ፣ ጫፉ ላይ ምንም ያልተሰካበት ቅርንጫፍ ሲግናሉን መልሶ እያንጸባረቀ ዋናውን ያዳክመዋል። በዚያ ላይ እርስ በርሱ ያልተገመደ ጠፍጣፋ ሽቦ እንደ አንቴና የአካባቢውን ረብሻ ሁሉ ይሰበስባል። የማያስፈልጉትን ቅርንጫፎች ከሳጥኑ ላይ ማቋረጥ ብቻውን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፤ በእኔ አስተያየት ግን አሮጌውን ሽቦ ከመጠጋገን ይልቅ ስፕሊተር (የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ ሲግናል የሚለይ መሣሪያ) ሳጥኑ አጠገብ ገጥሞ፣ ከእሱ እስከ ሞደሙ ድረስ አንድ አዲስ የተገመደ ጥንድ ሽቦ፣ ለምሳሌ የኔትወርክ ገመድ፣ መሳብ ይሻላል። ይህ ከተደረገ ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ችግሮች አንዳንዶቹ አብረው ይወገዳሉ።

ምልክት፦ ስልክ ሲጠራ ወይም እጀታው ሲነሣ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል።

ብዙውን ጊዜ ማጣሪያ (የኢንተርኔቱ ሲግናል ወደ ስልኩ እንዳይገባ የሚያግድ ትንሽ መሣሪያ) ያልተገጠመለት መሣሪያ አለ ማለት ነው። ከሞደሙ በስተቀር በመስመሩ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ ማጣሪያ ያስፈልገዋል፤ ሞደሙ ግን በማጣሪያው የስልክ ቀዳዳ በኩል ከተሰካ ፈጽሞ አይገናኝም። በአሮጌ ቤት የሚረሳው ከመስመሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ የቆየ የማንቂያ ደወል ነው።

ምልክት፦ በዝናብ ጊዜ ወይም ማታ ማታ ይቆራረጣል።

የሞደሙን ማስተካከያ ገጽ በኮምፒውተር ከፍተው የሲግናልና የረብሻ ልዩነት (SNR Margin) የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መቆራረጥ ሊያጋጥም ይችላል። ከዝናብ ጋር የሚመጣው እርጥበት የገባበት መጋጠሚያ ስለሆነ የዛገውን ጫፍ ቆርጦ፣ ውስጡ ቅባት ባለው ማያያዣ እንደገና መግጠም ያስፈልጋል። የማታው ግን ከመብራት ማደብዘዣ ወይም ከተበላሸ ቻርጀር ሊመነጭ ይችላል፤ አነስተኛ የባትሪ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አድርገው በቤቱ ውስጥ ይዘዋወሩ። ይህ ሞገድ ከዲኤስኤል ክልል ጋር ስለሚደራረብ፣ ጩኸቱ የሚበረታበት መሣሪያ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው።

የዲኤስኤል መብራቱ ረግቶ የኢንተርኔት መብራቱ ብቻ እንቢ ካለ ሽቦውን ይተዉትና የመለያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ያረጋግጡ። ሁሉም ተስተካክሎ ፍጥነቱ ብቻ ዝቅ ካለ ደግሞ በዚያው የሞደሙ ገጽ የሲግናል መዳከም (Attenuation) የሚለውን ቁጥር ይዩ፤ ከ60 ዴሲቤል በላይ ከሆነ ቤቱ ከስልክ ማዕከሉ እጅግ የራቀ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህንን ደግሞ በቤት ውስጥ የሚሠራ ጥገና አይለውጠውም።