ጠርዙ ንጹሕ፣ መሃሉ ጭጋግ፦ የሚያፈስ ወናፍ ጥገና

በ4 በ5 ኢንች ካሜራ የተነሱት የመልክዓ ምድር ኔጋቲቮች መሃላቸው ላይ ጥቁር ጭጋግ ነበረባቸው። የፊልም መያዣውን ከመጠርጠር በፊት የፊልሙን ጠርዝ ማየት ይበጃል፤ ብርሃን በመያዣው ከገባ ጭጋጉ ምስል እስከማያርፍበት ጠርዝ ይዘልቃል። እዚህ ግን ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ ጥፋቱ የወናፉ (በሌንሱና በፊልሙ መካከል ያለው፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈው የካሜራው ክፍል) ነበር።

ወናፉን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ክፍሉን ማጨለም፤ ዓይን እስኪለምድ 10 ደቂቃ መታገሥ። ከዚያ ትንሽ የእጅ ባትሪ ከኋላ አስገብቶ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ማብራት። የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ 3 ቀዳዳዎች ወለል ብለው ታዩ፤ ሁሉም እጥፋቱ ማዕዘን ላይ ናቸው፣ ቁሱ በብዛት የሚታሸው እዚያ ነውና። በነጭ እርሳስ ምልክት ይደረግባቸው።

ጥቁር የጨርቅ ቀለም በቀጭን ብሩሽ 2 ጊዜ፣ ስስ አድርጎ መቀባት። ከወፈረ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የኤሌክትሪክ ቴፕ አይመከርም፤ ሙቀት ሲነካው ሙጫው እየለቀቀ እጥፋቶቹን ያጣብቃል። ወናፉ እንደተዘረጋ ይደር።

ለማረጋገጥ ሌንሱን ከድኖ፣ ፊልም የያዘውን መያዣ መከለያ (ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደውን ስስ ሳህን) አውጥቶ ካሜራውን ፀሐይ ላይ 5 ደቂቃ ማቆየት፤ ጎኖቹንም ማዟዟር። ያ ፊልም ሲታጠብ ፍጹም ንጹሕ ወጣ።