ውሃ ማፍያዎ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ሥራ ሲያቆም ብዙ ሰው «ተቃጠለ» ብሎ ይጥለዋል። የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የሚበላሹት ማጥፊያውና ጆጉ የሚቀመጥበት ባለ ገመድ መቀመጫ ናቸው። ምንም ነገር ከመነካካትዎ በፊት ስፒናውን ከሶኬት ይንቀሉ።

ውሃው ይፈላል፣ ግን አይጠፋም

አዲስ አበባ ውስጥ በጣም የሚያደናግረው ይሄ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ተራውን ማፍያ ይህ አይቸግረውም፤ የሚያጠፋው እንፋሎት ነውና። ውሃው ሲንተከተክ እንፋሎቱ ከክዳኑ ሥር ባለች ቀዳዳ ገብቶ፣ ሳንቲም የምታክል ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራች ቆርቆሮ ያሞቃል። ሁለቱ ብረቶች እኩል ስለማይለጠጡ ቆርቆሮዋ ቀጭ ብላ ትገለበጥና ማጥፊያውን ትገፋዋለች። ዲግሪ የሚሞላለት ዲጂታል ማፍያ ግን 100 ላይ ከተደረገ፣ እዚህ የማይደረስበትን ቁጥር እየጠበቀ መንተክተኩን ሊቀጥል ይችላል። 90 ላይ ያድርጉት።

ተራው ካልጠፋ መጀመሪያ ክዳኑን ይዩ። በደንብ ካልገጠመ እንፋሎቱ በላይ ያመልጣል። ገጥሞም ካልጠፋ የእንፋሎቷ ቀዳዳ ተደፍና ይሆናል፤ በጥርስ ብሩሽና በሎሚ ያጽዷት። ይህም ካልሠራ ማጥፊያው ይቀየር። እስኪቀየር ድረስ አብርተውት ከአጠገቡ አይራቁ።

ጨርሶ አይበራም

ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክተው መብራት መኖሩን ያረጋግጡ። ውሃ ሳይኖርበት በርቶ ከነበረ፣ ከልክ በላይ ሲግል መብራቱን የሚቆርጠው መከላከያ ቆርጦት ነው፤ 15 ደቂቃ አቀዝቅዘው ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩና ይሞክሩት። ቀጥሎ ጆጉን አንስተው ሥሩንና የመቀመጫውን መሃል ይመልከቱ። መገናኛዎቹ ጥቁር ብቻ ካሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጥረጓቸው። ፕላስቲኩ ከቀለጠ ግን መቀመጫው መቀየር አለበት። መርካቶም ሆነ ያገለገለ ዕቃ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ሲሄዱ ጆጉን ይዘው ይሂዱ፤ መቀመጫዎቹ ስለሚመሳሰሉ ብቻ አይገጥሙም።

ኦም የሚለካ ቴስተር ካለዎት ሥሩን በካቻቢቴ ፈትተው ሬዚስታንሱን በራሱ ጫፎች ላይ ይለኩ። የ2,000 ዋት ማፍያ 24 ኦም ገደማ፣ የ1,500 ዋቱ 32 ገደማ ያሳያል። ይህን ካሳየ ሬዚስታንሱ አልተቆረጠም፤ ችግሩን ማጥፊያው ላይ ይፈልጉት።

ይዘገያል

በ2,000 ዋት 1.7 ሊትር የቧንቧ ውሃ አምስት ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። የመብራቱ ኃይል ከ220 ወደ 180 ቮልት ከወረደ ማፍያው የሚያገኘው 1,340 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ከሰባት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ምሽት ላይ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ችግሩ የመብራቱ ሊሆን ስለሚችል ማፍያውን አይፍቱት።

ሳይፈላ ይጠፋል

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳያልፍ ስለሚያግድ ታችኛው ብረት ከልክ በላይ ይግልና መከላከያው ቀድሞ ይቆርጣል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ከለገዳዲ ግድቡ የበለጠ ቅርፊት ይተዋል። አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውሃ በርዘው ቅርፊቱ እስኪሸፈን ይሙሉ፤ አፍልተው ግማሽ ሰዓት ያቆዩትና ይድፉት። ሽታው እንዲለቅ ሁለት ጊዜ ንጹህ ውሃ አፍልተው ይድፉ። በሽቦ አይፈግፍጉት።

ብሬከር ይጥላል፣ ወይም ይነዝራል

ምጣድ በርቶ ሳለ ከጣለ ጭነት ነው፤ 3,500 ዋት ምጣድና 2,000 ዋት ማፍያ አንድ ላይ 25 አምፔር ይስባሉ። በተራ ያብሯቸው። በቀጭን ኤክስቴንሽንም አይጠቀሙ፤ ገመዱ ከሞቀ አልቻለም ማለት ነው።

ባዶው መቀመጫ ብቻ ተሰክቶ ከጣለ ውሃ ገብቶበታል፤ ነቅለው አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ጆጉ ሲቀመጥ ብቻ ከጣለ ሬዚስታንሱ ወደ ብረቱ ያስተላልፋል። በአሮጌ ቤቶች ውስጥ እንደሚታየው ሶኬቱ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) ከሌለው፣ ይኸው ብልሽት ብሬከሩን ሳይጥል ሰውን ይነዝራል። የብረት ጆግ በትንሹም ቢሆን ከነዘረዎት አይጠግኑት፤ ገመዱን ቆርጠው ይጣሉት፣ ሶኬቱንም ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ግራውንድ ያስገቡለት።